ድንቅነሽን ለማሳየት ጀበና ሰበርኩ

የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም መውሰድ ስጀምር የሠራሁት ትልቁ ስህተት ማስረዳት ነበር። ድንቅነሽ ያለችበት መስታወት ፊት ቆሜ «3.2 ሚሊዮን ዓመት» ስል ልጆቹ መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን እየለጠፉ ይሳሳቁ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሚሊዮንም መቶም ያው «ብዙ» ነው። አሁን ጉብኝቱን የምጀምረው ከሳምንት በፊት፣ መማሪያ ክፍላችን ውስጥ፣ በአሸዋና በተሰበረ ጀበና ነው።

ጀበናው ያገለገለ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥላሸቱ ኋላ ይጠቅማል። በጆንያ ጠቅልዬ በመዶሻ አንዴ ብቻ እመታዋለሁ፤ ደጋግሞ መምታት ያደቀዋል። የምፈልገው ከ12 እስከ 15 ስባሪ ነው። ከልጅ መዳፍ ግማሽ የሚያንስ ስባሪ ካለ እጥለዋለሁ፣ ወደ አፍ የሚገባ ነውና። የቀሩትን ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት እሞርድና በአውራ ጣቴ እፈትሻለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን አይዘለልም።

ለ24 ልጅ አራት ሰፋፊ ሳፋ ይበቃል። የወንዝ አሸዋ በወንፊት ነፍቼ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል እሞላለሁ። ደረቅ አሸዋ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የተቆፈረውም ተመልሶ ይደረመሳል፤ ስለዚህ ሲጨብጡት ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ውኃ አርከፈክፍበታለሁ። በሳፋው አፍ ላይ ሲባጎ አጠላልፌ አራት ቦታ እከፍለዋለሁ። ከስድስቱ ልጆች ሦስቱ በቀለም ብሩሽ ይጠርጋሉ፣ ሦስቱ የተገኘውን በወረቀታቸው ላይ በዚያው ቦታ ይሥላሉ። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ይቀያየራሉ። ሥራ ያልተሰጠው ልጅ አሸዋ ይበትናል።

መጀመሪያ የምቀብረው የበግ አጥንት ነበር፣ ቀቅዬ ፀሐይ ላይ አድርቄ። እያንዳንዱ ሳፋ የራሱ አጥንት ስላለው ጨዋታው «እናንተ ስንት አገኛችሁ?» ሆነና በሦስት ደቂቃ አለቀ። ደጅ ያደረው ሳፋ ደግሞ የውሻ ሲሳይ ሆነ። የአንድ ጀበና ስባሪ በአራት ሳፋ ሲበተን ግን ማንም ብቻውን አይጨርስም። «አንገቱ እናንተ ጋ ነው?» እያሉ መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል።

እጀታውን አልቀብረውም። መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ስባሪዎቹን የሚያያይዙት በወረቀት ፕላስተር ነው፤ በማጣበቂያ አንዴ ከተሳሳቱ ማላቀቅ የለም። ጀበናው አሸዋ ውስጥ ሲቆም እጀታ የለውም፣ ጎኑም ላይ ተሰብሮ የደቀቀበት ቀዳዳ አለ። ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ነው፤ ጀበና ነው፣ የለም ገንቦ ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በምን አወቃችሁ?» ጥላሸቱ የሚጠቅመው አሁን ነው፤ እሳት ላይ ይጣድ እንደነበር ከቂጡ ያነቡታል። ቀዳዳውን በጭቃ ይሞሉታል፣ እጀታውንም በግምት ይሠሩለታል። ጭቃው ቀለሙ ከጀበናው የተለየ ይሁን፤ የተገኘው ከተገመተው መለየት አለበት።

ሙዚየም የምንገባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በልተውና ሽንት ቤት ደርሰው ነው። ስድስት ስድስት ሆነው፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አዋቂ። ሃያ አራቱ አንድ መስታወት ከከበቡ የኋላው ልጅ የሚያየው የጓደኛውን ሹራብ ነው። ሦስት ነገር ብቻ አይተን በ45 ደቂቃ እንወጣለን። ከዚያ በላይ ለመምህሩ እንጂ ለልጁ አይደለም።

ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ስትገኝ ከአጽሟ የተረፈው 40 በመቶ ገደማ ነው። ይህን እኔ አልናገርም። ጀበና የገጣጠመ ልጅ ራሱ «የቀረውስ?» ይላል። ከዚያ 1 ሜትር ከ10 የሆነ ሪባን አወጣለሁ፣ የድንቅነሽን ቁመት ያህል። ከወለሉ ቀጥ አድርጌ ስይዘው በየተራ ይለካካሉ፤ አብዛኞቹ እኩያዋ ናቸው፣ አንዳንዱ ይበልጣታል። ወዲያው «ሕፃን ናት» ይላሉ። አይደለችም፤ ካደጉ በኋላ የሚበቅለው የአእምሮ ጥርሷ በቅሏል። መንጋጋዋን አይተው የራሳቸውን ጥርስ በምላስ ሲቆጥሩ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ እንቆቅልሽ አለ። «እንቆቅልሻችሁ!» ስል «ምን አውቅልሽ!» ይላሉ። «ሕፃን ናት፣ ድንቅነሽን ግን በዕድሜ ትበልጣለች።» አገር ሰጥተውኝ ይሸነፋሉ፣ ብዙ ጊዜ ጎንደርን። መልሱ ሰላም የተባለችው ሕፃን ናት፤ በ1993 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ አጽሟ የተገኘች፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የነበረች፣ ዘመኗ ግን 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆነ። አንዳንዶች የድንቅነሽ ልጅ ይሏታል፤ ልጆቼ ግን ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ።

አንድ ጥያቄ ሳትዘጋጁ እንዳይመጣባችሁ፦ «እውነተኛዋ ናት?» አትዋሹ። ዋናዋ እንዳትጎዳ ለብቻ ተጠብቃ ትቀመጣለች፣ ለእይታ የቆመችው በልኳ የተሠራች ቅጂ ናት። «ታዲያ የውሸት ናት?» ካሉ የጭቃ እጀታቸውን አስታውሱዋቸው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ የራሳችንን ሙዚየም እንከፍታለን። መደርደሪያው ከ80 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፣ ልጁ የተናገረውም ሳይታረም ቃል በቃል ይጻፋል፦ «የአያቴ ማማሰያ። የተቃጠለው ሽሮ ሲገነፍል ነው።» ለወላጅ የሚላከው ወረቀት ላይ «ከኩሽና ወይም ከግቢ፤ ብርና ወርቅ አይላክ» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ የብር መስቀል መጥቶልኝ ቀኑን ሙሉ ስጠብቅ ውያለሁ።

ጀበናው ከነጭቃ እጀታው መሃል ላይ ይቀመጣል። እውነተኛው እጀታ ከመሳቢያዬ አይወጣም፤ የት እንዳለ የጠየቀኝ ልጅ ካለ «አንተ ምን ይመስልሃል?» እለዋለሁ።