በጊልገል አባይ ተፋሰስ አረንጓዴ ሁሉ ደን አይደለም

ከሰከላ ተነስቶ ጣና የሚገባውን የጊልገል አባይን ተፋሰስ በሳተላይት ምስል የሚያጠና ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምስል ይይዛል፤ አንድ የድሮ፣ አንድ የአሁን። እዚህ ግን ይህ ዘዴ ያሳስታል። ምክንያቱ ዲከረንስ የተባለው ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዛፍ ነው።

በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ጤፍና የዲከረንስ ችግኝ በአንድ ማሳ ያበቅላል። ጤፉ ይታጨዳል፣ ችግኙ ይቀራል። ዛፉ ከ4 እስከ 5 ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ እዚያው ማሳ ላይ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። በ10 ዓመት ልዩነት የተነሱ ሁለት ምስሎች ታዲያ ያንኑ ማሳ ሁለቴም በጤፍ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ። ሁለቱን ምስሎች የሚያነጻጽረው ሠንጠረዥ «ለውጥ የለም» ይላል፤ በመካከሉ ግን ሁለት ጊዜ ደን ለብሶ ተራቁቷል። ስለዚህ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ምስል ያስፈልጋል።

የትኛው ወር? ጥቅምት ላይ ሰማዩ ይጠራል፣ ግን ሰብሉም ዛፉም አረንጓዴ ነው። የካቲት ላይ የመኸሩ ሰብል ተነስቶ ዛፉ ብቻውን ይቀራል፤ መራዊ አካባቢ ካልሆነ በቀር። እዚያ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ ነውና በበጋው ያለው ስንዴ ደን ይመስላል። ስንዴው ከታጨደ በኋላ ያለ ሌላ ምስል ቢታከል ልዩነቱ ይገለጣል፤ ዛፍ በአንድ ወር አይራቆትም።

አረንጓዴነትን የሚለካው የዕፅዋት መለኪያ (NDVI) ቀላል ነው፦ ከቅርብ ኢንፍራሬድ ቀዩን ቀንሶ ለሁለቱ ድምር ማካፈል። በሴንቲነል-2 ሳተላይት ባንድ (የብርሃን ክፍል) 8 እና 4፣ በላንድሳት 8 እና 9 ሳተላይቶች ባንድ 5 እና 4፣ በላንድሳት 5 እና 7 ደግሞ ባንድ 4 እና 3 ናቸው። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሒሳቡ ላይ ሳይሆን ጥሬው ቁጥር ላይ ነው። ሴንቲነል-2 እ.ኤ.አ. ከጃንዩወሪ 25 ቀን 2022 ወዲህ በየፒክስሉ (በምስሉ ትንሿ ነጥብ) ቁጥር ላይ 1000 ይደምራል። ቀዩ 300፣ ኢንፍራሬዱ 3000 የሆነ ደን 0.82 ያወጣል፤ 1000ው ሳይቀነስ ቢሰላ ግን 0.51 ይሆናል። አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ ተፋሰሱ በሙሉ የተራቆተ ይመስላል! የሳተላይት ምስል በኢንተርኔት በሚተነተንበት በጎግል ኧርዝ ኢንጅን «ሃርሞናይዝድ» የተባለው ስብስብ ይህን አስቀድሞ ያስተካክላል። ኮሌክሽን 2 በተባለው የላንድሳት ምስል ስብስብ ውስጥ ያለው የገጸ ምድር ነጸብራቅ ጥሬ ቁጥር ደግሞ በ0.0000275 ተባዝቶ 0.2 ይቀነስለታል።

የላንድሳት 7 ምስል እ.ኤ.አ. ከሜይ 2003 መጨረሻ ጀምሮ ባዶ ሰንበር አለበት። ጥላም ሌላ ጣጣ ነው፦ ሳተላይቱ የሚያልፈው ጠዋት ከ4 ሰዓት በኋላ በመሆኑ፣ በታኅሣሥና በጥር ወደ ሰሜን ምዕራብ የዞረ ገደል ጠቁሮ ውሃ ወይም ጥቅጥቅ ደን ይመስላል።

አገር በቀል ደንን ከባሕር ዛፍና ከዲከረንስ በአንድ ቀን ምስል ለመለየት መሞከር ድካም ነው። የሚለያቸው የዓመታት ታሪካቸው ነው። መለኪያው በየዓመቱ በመስመር ሲሳል፣ አገር በቀሉ የቤተ ክርስቲያን ደን መስመሩ ለጥ ያለ ነው፤ የዲከረንስ ማሳ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል ይወርዳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱን የያዘው የቅጠል በሽታም መስመሩን ያወርደዋል፤ እሱን ከቆረጣ ለመለየት ማሳው ድረስ መሄድ ግድ ነው።

ካርታውን ለማረጋገጫ ከመስክ የሚሰበሰበው ነጥብ ከመንገድ ዳር ብቻ አይወሰድ። ሩብ ሄክታር ማሳ በሴንቲነል 25 ፒክስል ነው፤ ግማሹን ኮምፒውተሩን ለማሠልጠኛ፣ ግማሹን ለመፈተኛ የሚያደርግ ሰው የሚያገኘው 95 በመቶ ትክክለኛነት ፈተናውን ከነመልሱ እንደመስጠት ነው። የሚከፈለው ማሳው በማሳ እንጂ ፒክስሉ በፒክስል አይደለም።