ለሯጭ የሚሆን የተራራ ብስክሌት፦ ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ

ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው አስፋልት ለአማተር ሯጭ ጥሩ ልምምድ ነው፤ በብስክሌት ከሆነ ማለት ነው። ይህን ዳገት በየሳምንቱ በሩጫ የሚደጋግም ሰው መጀመሪያ ባቱን፣ ቀጥሎ የተረከዙን ጅማት ያመዋል። በብስክሌት ግን ልብና ሳንባ ያንኑ ያህል ሲለፉ እግር ከመሬት ጋር አይጋጭም። እንጦጦ ማርያም አካባቢ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ቀላል ማርሽ ላይ ሆናችሁም ትንፋሽ ያጥራል።

ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ልብ በብስክሌት ይጠነክራል፣ አጥንትና ጅማት ግን የሩጫን ምት አይለምዱም። ወር ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ የከረመ ሰው ትንፋሹን አምኖ ጃንሜዳ ላይ በአንዴ 15 ኪሎ ሜትር ከሮጠ ቅልጥሙን ይዞ መቀመጡ አይቀርም። ስለዚህ ብስክሌት የሚተካው ከሳምንቱ አንዱን ቀላል ሩጫ ብቻ ነው፤ ረጅሙና ፈጣኑ ባሉበት ይቆዩ። በኅዳር ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር የሚዘጋጅና በሳምንት አራት ቀን የሚሮጥ ሰው ሦስቱን ሮጦ አንዱን ቢጋልብ ይበቃዋል። የ40 ደቂቃ ቀላል ሩጫ በግምት በአንድ ሰዓት ፔዳል ይተካል፤ ቁልቁለቱ ሳይቆጠር።

ከሁሉ በፊት ኮርቻው ይስተካከል። «እግሬ መሬት ይንካ» ብሎ ኮርቻ ዝቅ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ጉልበት የሚጎዳውም በዚህ ነው። ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ አንዱን ፔዳል ወደ ታች አውርዱና በተረከዛችሁ ርገጡት። ዳሌ ወደ ጎን ሳያዘነብል እግር ቀጥ ካለ ልኩ እሱ ነው። ስትነዱ በእግር ጣቶች ሥር ባለው ሰፊ ክፍል ስለምትረግጡ ጉልበት በመጠኑ ይታጠፋል። ጉልበት ከፊት ካመመ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፣ ቋንጃ ካመመ ከፍ ብሏል። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አታንቀሳቅሱት። የኮርቻው ዘንግ ላይ የተሠመረውን የመጨረሻ ምልክት ግን አትለፉ፤ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል።

ሯጮች ጉልበት አለን ብለው ከባድ ማርሽ ይወዳሉ። ትርፉ የጭን ድካም ነው። የቀኝ ጉልበታችሁን ለ15 ሰከንድ ቁጠሩ፦ ሜዳ ላይ ከ20 እስከ 22 ጊዜ ከተነሳ በደቂቃ ከ80 እስከ 88 ዙር ነው፤ ይህም በአንድ እግር ሲቆጠር ከሩጫ እርምጃ ምት ጋር ይቀራረባል። ዳገት ላይ ወደ 70 ቢወርድ ችግር የለውም። የልብ ምት በብስክሌት ከሩጫው ከ5 እስከ 10 ያህል ዝቅ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ የሩጫውን ቁጥር አታሳድዱ።

ልምምዱ ቀላል ነው። እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ 20 ደቂቃ ያህል ሰውነት ማሟቅ፤ ከሽሮ ሜዳ ወዲያ ከኮርቻው ሳይነሱ ተቀምጦ የ5 ደቂቃ ጠንካራ ዳገት አራት ጊዜ፣ በየመሃሉ 3 ደቂቃ በቀላሉ ማርሽ። በጠንካራው ጊዜ ከሁለት ሦስት ቃል በላይ መናገር ከቻላችሁ ጨምሩ። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን «ወራጅ አለ» በተባለ ቁጥር ታክሲው ጥግ ይዞ ቀጥ ስለሚል፣ እዚያ ሰዓት መያዝ ትርፉ በሩ ላይ መለጠፍ ነው። አስፋልቱ የሰለቸው እንጦጦ ፓርክ ውስጥ የብስክሌት መንገድ ያገኛል።

ጎማ፦ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰውና 2.1 ኢንች ስፋት ላለው ባለ ከመነዳሪ ጎማ፣ አስፋልት ላይ 40 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው)፣ ኮረኮንች ላይ ከኋላ 32፣ ከፊት 30 አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ድንጋይ ሲገጭ ከመነዳሪው በጎማውና በቸርኬው መሃል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ነፋሱን እየቆራረጠ እንዲሰጥ ንገሩት፤ የብስክሌት ጎማ በሰከንዶች ይሞላል። ቀጭን ቫልቭ ከሆነ የመኪናው አፍ አይገባለትምና አስማሚዋን ይዛችሁ ሂዱ።

ከመውረዳችሁ በፊት ጃኬት ልበሱ፤ በላብ የራሰ ገላ በዚያ ከፍታ ንፋስ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ፔዳሎቹ እኩል ይሁኑ፣ ዳሌ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ሁለቱንም ፍሬኖች እየያዛችሁ ልቀቁ። ሳይለቁ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግላል። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ሥር ላይ ፍሬን አይነካም፣ ቀድማችሁ ፍጥነት ቀንሱ። የፍሬን ጎማዎቹ ላይ ያሉት ቦዮች ሊጠፉ ከደረሱ ቀይሯቸው፤ በክረምት ደግሞ አሸዋው ስለሚሞርዳቸው ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ማየት ያስፈልጋል።