«ጾሙ ነው ያደከመህ» ያልኩበት ቀን

ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ነሐሴን ያውቃታል። ካላንደሩ፣ ፖስትካርዱ፣ አጀንዳው አንድ ላይ ይመጣል። ደንበኛው ሁሉ «ለእንቁጣጣሽ ድረሱልኝ» ይላል። በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ እኔ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ፤ የአንድ ድርጅት 5,000 ካላንደር አንገቴ ላይ ነበር።

ነሐሴ 12፣ እሑድ፣ ድምፃዊው ኢዮብ መኮንን አረፈ። ገና 37 ዓመቱ ነበር። ድንገት ስትሮክ መታው፣ ለሕክምና ናይሮቢ ተወሰደ፣ እዚያው አለፈ። በሕይወት እያለ ያወጣው አልበም «እንደ ቃል» ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወርክሾፑ ውስጥ ከማሽን ድምፅ በቀር የሚያወራ አልነበረም። ሬዲዮው ዘፈኖቹን ያከታትላል፣ የጥራዝ ክፍል ልጆች ወረቀት እያጠፉ እንባቸውን ይጠርጋሉ። የኦፍሴት ኦፕሬተራችን «ይሄ ልጅ ገና እኮ ነው፣ ምኑን አየው?» አለኝ። እሱ ራሱ 34 ዓመቱ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት። እኔም ማታ ቤቴ ገብቼ «ይቺ ዓለም ምን አላት» እያልኩ ለባለቤቴ ሳወራ አመሸሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ይኸው ኦፕሬተር ወረቀት እያራገበ ነበር። አየር ካልገባበት ሉኩ ይጣበቅና ሁለት ሁለት ሆኖ ማሽን ውስጥ ይገባል፤ እሱ ደግሞ ለዚህ ሥራ እጁ ልዩ ነው። ያን ቀን ግን ወረቀቱ ከቀኝ እጁ ሾልኮ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሰበሰበው። ደግሞ ሾለከ። እጁን ጨበጥ ዘርጋ አደረገና «ደነዘዘኝ» አለ። ቃሉ ጥርት አላለልኝም።

ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። «ጾሙ ነው ያደከመህ፣ ትንሽ ጋደም በል» አልኩት። ካርቶን ላይ ተኛ። ረዳቱን ማሽኑ ላይ አቆምኩና ሰዓቴን አየሁ፤ 4፡20 ይላል። ሰዓቴን ያየሁት ስንት ኮፒ እንደሚጎድልብኝ ለማስላት ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። ማታ ስለ ዕድሜ ማጠር ሳወራ ያመሸሁ ሰው ጠዋት ጓደኛዬ ሰውነቱ ሲከዳው አጠገቡ ቆሜ ኮፒ እቆጥራለሁ።

40 ደቂቃ ያህል ሆነ። ከጥራዝ ክፍል አንዷ ልጅ ውሃ ወሰደችለት። ወዲያው ጮኸች። «ጋሼ፣ ና እስቲ! አፉን እየው!» ውሃው በከንፈሩ በአንድ በኩል ይፈሳል። «ፈገግ በል» አለችው፤ ግማሽ ፊቱ ብቻ ሳቀ። «ሁለት እጅህን አንሳ» አለችው፤ ቀኙ ቀስ እያለ ወረደ። ከእሑድ ጀምራ ስለ ስትሮክ ስታነብ ነበር ለካ። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ አንድ ደቂቃም እንደማይጠበቅ ታውቃለች። «ኢዮብን የገደለው እኮ ይሄ ነው» ስትለኝ ጉልበቴ ተብረከረከ።

በሥራው ፒክአፕ ይዘነው በረርን። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ሰዓት ጀመረው?» ብሎ ነው። «4፡20» አልኩ። «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለኝ። ምን ልበለው?

የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ ምልክቱ ከጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ካለፈ በአብዛኛው እንደማይሰጥ ያወቅኩት በኋላ ነው። ለዚህ ነው ሰዓቱን የሚጠይቁት። ትልቅ የአንጎል ደም ቧንቧ ሲዘጋ በአማካይ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴል እንደሚሞትም አነበብኩ። የቁጥር ሰው ነኝና በ40 አባዛሁት። 76 ሚሊዮን! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለካ ከዓመት በፊት ደም ግፊት እንዳለበት ተነግሮት ነበር። ኪኒኑን ጀምሮ «ደህና ነኝ» ብሎ አቋርጦታል። ግፊት እኮ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ደህና ነኝ ማለት ብቻውን ምንም አይነግርህም። 34 ዓመት ልጅ ነው ብለን እኛም አላሰብነውም።

እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ይራመዳል፣ ያወራል። ቀኝ እጁ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፣ ወረቀት ማራገብ ቀርቷል።

ካላንደሩን ሁለት ቀን አሳልፈን አስረከብን። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር ደንበኛው «አረ ችግር የለም፣ እኛም የምናድለው ጳጉሜ ላይ ነው» አለኝ። ፈርሜ ወጣሁና ፒክአፑ ውስጥ ብዙ ቁጭ አልኩ።

አሁን ኦፕሬተራችን ጥራት ክፍል ነው የሚሠራው። ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ ቀድሜ «ኪኒንህን ዋጥክ?» እለዋለሁ። ይሰለቸዋል። «አንተ ደግሞ፣ አዎ አልኩህ እኮ!» ይለኛል። በማግስቱም እጠይቀዋለሁ።