«ሆቴል ካሊፎርኒያ»ን በጆሮ ሳወጣ ሁለት ሳምንት የበላብኝ ወረቀት

ያኔ አንድ ሰው «ያንን ወረቀት አጥፈህ ኪስህ ክተተው» ቢለኝ ኖሮ ሁለት ሳምንት ይተርፈኝ ነበር። የነገረኝ አልነበረም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ዘፈኑ የአሜሪካኑ ባንድ የኢግልስ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው። ጊታር አንግቤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ስር ባለፍኩ ቁጥር «እስቲ እሷን በላት» የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ ኮርዱን (አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) ከማንም ሳልጠይቅ በጆሮዬ ላወጣው ተነሳሁ።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። ጊታሬን በስልክ ቃኘሁ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) በደንብ አያሰማም፣ ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ ቤዙን ብቻ ተከተልኩና በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ፈለግኩት። ቢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ኢ፣ ጂ፣ ዲ፣ እንደገና ኢ፣ እንደገና ኤፍ ሻርፕ። ስምንት። አንድ ምሽት አልፈጀብኝም፣ ራሴን እንደ ጎበዝ ቆጠርኩ።

ጣጣው የመጣው እያንዳንዱ ኮርድ ሜጀር (ደመቅ የሚለው) ነው ማይነር (የሚያለቅሰው) የሚለው ላይ ነው። በማታ የምማርበት ቦታ አስተማሪያችን ለየቅኝቱ የሚሆኑትን ኮርዶች የሚዘረዝር፣ ከመጽሐፍ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሰንጠረዥ አድሎን ነበር። የዘፈኑ ቅኝት በሆነው በቢ ማይነር ስር ኢ ማይነር አለ፣ ኤፍ ሻርፕ ማይነር አለ። «ከዚህ የወጣ ኮርድ ስህተት ነው» ብሎናል። እኔም አመንኩት። ትዝታና ባቲ እየሰማ ያደገ ሰው ከቅኝት መውጣት ነውር እንደሆነ ያውቃል፤ አምስቱን ድምፅ ለቀህ ሌላ ከነካህ ያስቁብሃል። የፈረንጁም እንደዚያው መሰለኝ።

ተጫወትኩት። ሁለተኛው ኮርድ ላይ የሆነ ነገር ይጎረብጣል። አራተኛውም እንደዚያው። ክሩ አርጅቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ። የድሬ ሙቀት ቅኝቱን እያላላው ነው ብዬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ጊታር መንካት ተውኩ። ጣቴ ነው ብዬ አመልካች ጣቴ እስኪደነዝዝ ስድስቱንም ክር ስጫን ከረምኩ። በመጨረሻ አስተማሪው ጋ ሄድኩ። ወረቀቴን አየና «ልክ ነህ፣ ጆሮህን አሰልጥን» አለኝ። ዘፈኑን ክፈተው እንኳ አላለም! እስካሁን ያናድደኛል። ከእሱ በላይ ግን አናድደዋለሁ ብዬ አፍሬ «አንዴ ስማው» ሳልለው መቅረቴ ያበግነኛል።

ያዳነኝ ጎረቤታችን ነው። ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፣ ማታ ማታ በሩ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ይቀመጣል። (አባቴን ያክላል፤ ግን ድሬ ነን፣ «ጋሼ አንተ» ነው የምለው።)

«አቦ፣ ሁለተኛዋ ጋ ምን ያስለቅስሃል? ዘፈኑ እዚያ ጋ አያለቅስም እኮ» አለኝ።

«ጋሼ፣ አንተ ደግሞ! ወረቀቱ ላይ እንደዚህ ነው።»

«ወረቀቱ ይዘፍናል እንዴ?»

ገብቼ ሁለተኛ ፍሬት (ጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ኤፍ ሻርፕ ማይነርን ያዝኩና መሃል ጣቴን ሦስተኛው ክር፣ ሦስተኛ ፍሬት ላይ ጣል አደረግኩት። በቃ። አንድ ጣት፣ አንድ ፍሬት። ማይነሩ ሜጀር ሆነ፣ በዚያች ጣት የመጣችው ኤ ሻርፕ ወደ ቢ ስትጎትት በጆሮዬ ሰማኋት። አራተኛው ኮርድም ኢ ሜጀር ሆኖ ተገኘ፤ እዚያም ልዩነቱ ሦስተኛው ክር ላይ ነው፣ አመልካች ጣት አንደኛ ፍሬት ላይ። ሰባተኛው ግን እውነትም ኢ ማይነር ነው። አንድ ዘፈን ሁለቱንም ኢ ይጠቀማል፤ ከስምንቱ ቦታ ሦስቱ (ሁለተኛው፣ አራተኛውና እንደ ሁለተኛው ኤፍ ሻርፕ ሜጀር የሆነው ስምንተኛው) ከሰንጠረዤ ውጭ ናቸው።

ቆይቶ ሰንጠረዡ የተቀዳበት መጽሐፍ ዋናው እጄ ገባ። ሃርሞኒክ ማይነር (ሌላ ዓይነት ማይነር) የሚል ሰንጠረዥ አለ፣ ኤፍ ሻርፕ ሜጀር እዚያ ተጽፏል። ቀጣዩ ገጽ ላይ! ፎቶ ኮፒ ያልተደረገው ገጽ። ኢ ሜጀርን ግን እዚያም አታገኙትም።

ስለዚህ ቤዙን ካገኛችሁ በኋላ ሜጀሩንም ማይነሩንም ከዘፈኑ ጋር እያጋጠማችሁ ሞክሩ፣ ሰንጠረዡን ከዚያ በኋላ ክፈቱ። «ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ የሚጫነው መያዣ) የሰነፍ ነው» የሚላችሁንም አትስሙ፤ የዘፈኑ መግቢያ ራሱ 7ኛ ፍሬት ላይ ካፖ ታስሮ የሚመታ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ 2ኛ ፍሬት ላይ እሰሩና ኤ ማይነር፣ ኢ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ዲ ማይነር፣ ኢ ያዙ። የሚያስቸግራችሁ ኤፍ ብቻ ነው። እኔ በእልህ ያለ ካፖ ነው የምጫወተው።

ጋሼ አሁን ሁለተኛዋ ጋ ስደርስ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሰባተኛዋ ጋ ጣቴን ማንሳት ስረሳ ግን ከበሩ ይጮሃል፦ «ኧረ እዚያ ጋ አልቅስ!»