የድመት ሽንት የጠጣ ስጋጃ፦ ሽታው በየክረምቱ እንዳይመለስ ያደረግሁት

ሐምሌ ሲገባ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ድመት ያለበት ቤት ስጋጃ የጠጣውን ሁሉ ይናዘዛል። በጋውን ሙሉ ዝም ብሎ የከረመ ምንጣፍ ዝናቡ አንድ ሳምንት ሲያከታትል በሩ ገና ሲከፈት ይሰነፍጣል። ድመቷ አዲስ አልሸናችም፤ ሽታው የአምናው ነው። ሁለት ክረምት በአቼቶና በዕጣን ታግዬው በሦስተኛው ነው የገባኝ፤ ሁልጊዜ ሳጸዳ የኖርሁት የላይኛውን ፊት ብቻ ነበር። ከዚህ በታች ያለው በመጨረሻ የሠራልኝ መንገድ ነው፤ ያበላሸሁትም አብሮ አለ።

መጀመሪያ የሚሸተው ምን እንደሆነ። ሁለት ነገር ነው፣ የሚመጣውም በየተራ ነው። ትኩስ የድመት ሽንት ያን ያህል አይሸትም። ባክቴሪያ በውስጡ ያለውን ዩሪያ ሲሰባብረው አሞኒያ ይወጣል፤ ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ሁለተኛው ፌሊኒን ከሚባል፣ ድኝ ካለበት ውሁድ የሚመጣ ነው። ፌሊኒን ቀስ በቀስ ሲበታተን ያንን ከሌላ የማይምታታ የድመት ክርፋት ይለቃል፤ ስለዚህ ትናንት ያልሸተተ ቦታ ከሦስት ቀን በኋላ ሊብስ ይችላል። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ከሴቷ በጣም የበለጠ ፌሊኒን አለው። የውሻ ሽንት ይህ ስለሌለበት መጠኑ ቢበዛም ማስለቀቁ ይቀላል።

ክረምት ላይ የሚመለሰው ደርቆ የቀረው ጨውና ዩሪያ ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ነው፤ ሲርስ ባክቴሪያውም ይነቃል። ብዙ ሰው «የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ነው፣ ውሃ አያሟሟውም» ይላል። ድመትም ውሻም ግን አብዛኛውን ዩሪክ አሲድ አላንቶይን ወደሚባል፣ ውሃ ወደሚያሟሟው ነገር የሚለውጥ ኤንዛይም በሰውነታቸው አለ፤ ያ ወሬ ለእነሱ ብዙም አይሠራም። ዩሪያውም፣ ጨዉም፣ ፌሊኒኑም በውሃ ይሟሟሉ። ዋናው መድኃኒት እንግዲህ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ችግሩ ማስገባቱ ላይ ሳይሆን ማስወጣቱ ላይ ነው።

ውሃ ከማፍሰስ በፊት ምንጣፉ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጀርባው ጠርዝ አንድ ክር ነቅሎ በክብሪት መለኮስ ይበቃል። እንደተቃጠለ ፀጉር ሸቶ በጣት ሲነካ የሚፈርስ አመድ ከሆነ ሱፍ ነው። ቀልጦ ሲበርድ ጠንካራ ኳስ ከሆነ ፕላስቲክ ነው፤ በየሱቁ የሚሸጠው ስጋጃ በአብዛኛው ይኸኛው ነው። ፕላስቲኩ ብዙ ይችላል። ሱፍ ሙቅ ውሃ፣ አመድ፣ በረኪና እና ኤንዛይም ያለበትን የልብስ ዱቄት ሳሙና አይችልም፤ ፕሮቲን የሚበላው ኤንዛይም ሱፉንም ፕሮቲን ስለሆነ ይበላዋል።

ቦታውን ማግኘት ከሚገመተው በላይ ከባድ ነው። አፍንጫ አካባቢውን እንጂ ነጥቡን አያሳይም። የብር ኖት ማረጋገጫ የሆነችውን ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት ማታ፣ ሌላውን መብራት አጥፍቼ፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አዞራለሁ። የደረቀ ሽንት ደብዘዝ ያለ ቢጫ አረንጓዴ ይሆናል። ደምቆ ነጭ ሰማያዊ የሚያበራው የዱቄት ሳሙና ቅሪት ነው፤ በዚህ ተሳስቼ ንጹሕ ቦታ ሁለቴ አጥቤያለሁ። ያገኘሁትን በጠመኔ ከብቤ ስጋጃውን እገለብጠዋለሁ። ከላይ የስኒ ማስቀመጫ የምታክል ምልክት ከጀርባው የእንጀራ ሰሃን አክሎ ይገኛል። መታጠብ ያለበት የጀርባው ስፋት ነው። ሙሉ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው ብል አላጋነንሁም።

ለአንድ እንደዚያ ላለ ቦታ የማዘጋጀው ይህ ነው፦ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ፣ ግማሽ ሊትር ቀለም የሌለው አቼቶ (ቡናማው ራሱ እድፍ ይተዋል)፣ ግማሽ ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከመድኃኒት ቤት፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ጓንት፣ ሁለት ያረጁ ጋቢዎች። ፎጣም ይሆናል፣ ግን እንደ አሮጌ ጋቢ ውሃ የሚመጥ ጨርቅ አላገኘሁም። ፀጉር ቤት የሚሸጠው ፐርኦክሳይድ ክሬም ነው፤ 6፣ 9 እና 12 በመቶ ይደርሳል። ክሬሙ ከስጋጃ ጠጉር አይለቅምና አይሆንም። ቤኪንግ ፓውደርም ቤኪንግ ሶዳ አይደለም፤ ስታርችና አሲድ ስለተቀላቀለበት ነጭ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

ስጋጃውን ወደ ውጭ አወጣለሁ። በብሎኬት ላይ አራት አጣና አጋድሜ እዘረጋዋለሁ፤ ውሃው ወደታች ማለፊያ ማግኘት አለበት። ሲሚንቶ ላይ ከተነጠፈ ያጠቡት ተመልሶ ከሥር ይጠጣል። መጀመሪያ በጀርባው በኩል፣ ከውጭ ጠርዝ ወደ መሐል፣ አምስት ሊትር ያህል ቀስ እያልሁ አፈስሳለሁ። ከመሐል ከጀመሩ ቆሻሻው ወደ ዳር ይሰፋል። ከዚያ ጋቢውን አራት እጥፍ አድርጌ ከላይም ከታችም ይዤ እጫነዋለሁ፤ ወፍራም ከሆነ መሬት ላይ አውርጄ በእግር እቆምበታለሁ። መፈግፈግ የለም፤ ጠጉሩን ያንጨባርራል፣ ሽንቱንም ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ይህን ሦስት ጊዜ እደግማለሁ። በሦስተኛው የሚወጣው ውሃ ቢጫነቱን ካልተወ አራተኛም አምስተኛም አለ። በዚህ ብቻ ከግማሽ በላይ ሽታው ይሄዳል።

ቀጥሎ አቼቶ፣ እኩል በእኩል ከውሃ ጋር፣ በድምሩ አንድ ሊትር። ሥራው አሞኒያውን ማሰር ነው። 20 ደቂቃ አቆየዋለሁ፣ በአንድ ባልዲ ውሃ አለቀልቃለሁ፣ አስመጥጣለሁ። አቼቶ ድኙን አይነካውም፤ ሁለት ክረምት ያሞኘኝም ይኸው ነው። አሞኒያው ሲጠፋ የጸዳ ይመስላል፣ ክርፋቱ ግን ከሥር ተቀምጧል።

ድኙን የሚሰብረው ፐርኦክሳይዱ ነው። ፖል ክሬባውም የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት በ1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስከንክ የምትባለው አውሬ የረጨችውን ጠረን የሚያጠፋ ቅመም አሳትሞ ነበር፤ ያም ጠረን ድኝ ካላቸው የአንድ ዓይነት ውሁዶች ስለሆነ ለድመትም ይሠራል። ልኬቱን አሳንሼ የምጠቀመው፦ ግማሽ ሊትር 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። በሳፋ ውስጥ በጥብጬ ወዲያው እጠቀመዋለሁ። ጠርሙስ ውስጥ አይከደንም፤ ጋዝ ስለሚለቅ ይፈነዳል። የተረፈው ይደፋል እንጂ ለነገ አይቀመጥም። ከአቼቶም ጋር በአንድ ዕቃ አይገናኝ፤ የሚፈጠረው አሲድ ቆዳና ሳንባ ያቃጥላል። ከሁለቱ መሐል የሚደረገው ማለቅለቂያ ለዚህ ነው።

ለፕላስቲክ ስጋጃ ከፊትም ከጀርባም አጠጥቼ በጥላ 30 ደቂቃ እተወዋለሁ። ለሱፍ ሶዳውን አስቀራለሁ፣ ፐርኦክሳይዱን በእኩል ውሃ አቀጥናለሁ፣ ከ10 ደቂቃ አላሳልፍም። ጥቁር ወይም ደማቅ ቀይ ሱፍ ከሆነ ጨርሶ አልሞክረውም፤ ያነጣል። ለሁሉም ቢሆን መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ላይ ጠብ አድርጎ 10 ደቂቃ ጠብቆ በነጭ ጨርቅ መጫን ነው፤ ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ እዚያው ማቆም። በመጨረሻ በቀሪው ውሃ አጥቦ ማስመጠጥ። ሳሙና ከቀረ ቦታው አቧራ እየሳበ በወሩ ይጠቁራል።

ማድረቅ ላይ ብዙ ሰው ይሸነፋል። ባሕር ዳር በየካቲት ፀሐይ ከሆነ በአንድ ቀን ያልቃል። ደብረ ማርቆስ ወይም ደንበጫ ላይ በነሐሴ ከሆነ ሦስት ቀንም አይበቃው፣ ከሁለት ቀን በላይ እርጥብ የቆየ ጀርባ ደግሞ ይሻግታል፤ አንዱን ሽታ በሌላ መለወጥ ነው። ስለዚህ ሙሉውን እጥበት ለጥቅምት አቆየዋለሁ። ክረምት ላይ የተሸናን ቦታ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አስመጥጬ፣ ፐርኦክሳይዱን ብቻ በስሱ አድርጌ፣ ሁለት ወንበር ላይ አንጠልጥዬ ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ አደርጋለሁ። ፀሐይ ሲገኝ ጀርባው ነው ወደ ላይ የሚዞረው፤ የሚዘገየውም፣ ቢደበዝዝ የማይቆጨውም እሱ ነው።

ላቫጆ ወስዶ ማሳጠብ ይቻላል፣ ግን ሳይነገራቸው አይሆንም። ግፊቱ የበዛ ውሃ በሙጫ የተያያዘውን የጀርባ ጨርቅ ይልጠዋል፤ ቧንቧውን ከአንድ ክንድ ርቀት በላይ እንዲያደርጉት፣ ጀርባውን ቀድመው እንዲያጥቡ፣ ሳሙናውን ቆጥበው ማለቅለቂያውን እንዲያበዙ መንገር ነው። ጠቅልለው እርጥቡን ሲሰጡ አለመቀበል።

አጎዛ ሌላ ጉዳይ ነው። አይነከርም፤ ቆዳው ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይገተራል። ሽንቱ ፀጉሩ ላይ ብቻ ከሆነ አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ አቅጥኜ፣ ጨርቅ ነክሬ በደንብ ጨምቄ፣ ፀጉሩን ከሥሩ ወደ ጫፉ እጠርገዋለሁ፤ ሦስት አራት ጊዜ ጨርቅ እየለወጥሁ። ከዚያ ጥላ ላይ ተወጥሮ፣ ግማሽ ሲደርቅ ቆዳው በእጅ ይታሻል፣ እስኪደርቅ ድረስ በየጊዜው። ፀሐይና ምድጃ አጠገብ አይቀርብም። ሽንቱ ቆዳው ድረስ ዘልቆ ፀጉሩ ሲሳብ በጭብጥ የሚነቀል ከሆነ ጊዜ ማባከን ነው፣ ይጣላል። ጅባና ሰሌንም ቢሆን ለሳምንት የቆየ ሽንት ከጠጣ መለወጡ ከድካሙ ይቀላል።

የተረሳው ወለሉ ነው። ስጋጃው ጸድቶ ሲመለስ ያው ሽታ ከመጣ ከሥር ነው። ቀለም ያልተቀባ ሲሚንቶ ሽንት ይጠጣል፤ በዚያው የፐርኦክሳይድና የሶዳ ቅልቅል አርሶ አንድ ሰዓት ማቆየት፣ ማጠብ፣ ሁለት ቀን ገልጦ ማድረቅ። አቼቶ ሲሚንቶና እብነ በረድ ስለሚበላ እዚህ አይገባም። በእበት የተለቀለቀ አፈር ወለል ከሆነ ማጠብ ጭቃ ማድረግ ነው፤ የራሰውን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ፍቆ አውጥቶ፣ በደረቅ አፈር ሞልቶ፣ ደልድሎ እንደገና መለቅለቅ ነው። ከስጋጃው ሥር ስፖንጅ ካለ ስፖንጁን አያጥቡት፣ ቆርጠው ይጣሉት።

ሌሎች የሚደረጉ ስሕተቶች፦ በረኪና ሽንት ላይ ማፍሰስ ክሎራሚን የሚባል የሚያንቅ ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ያደረገ ሰው ሳሉ ለቀናት አይለቀውም። የፈላ ውሃ ፕሮቲኑን ክሩ ላይ ያስይዘዋል። አመድ መነስነስ እርጥበት ይመጥጣል፣ ግን አሞኒያውን አውጥቶ ይብሱን ያሸታል፣ ሱፍም ያቃጥላል። አቼቶና ሶዳን አንድ ላይ አድርጎ ሲፈላ ማየት ደስ ይላል፤ ሁለቱ ተጠፋፍተው የሚተርፈው ጨዋማ ውሃ ነው። ዕጣንና ሰንደል ለእንግዳ ሰዓት እንጂ ለሥራ አይደሉም።

መድረቁን ሳረጋግጥ በንጹሕ ውሃ የራሰ ጨርቅ ቦታው ላይ አንድ ሰዓት ጥዬ፣ ጨርቁን አንሥቼ አሸተዋለሁ፤ ክረምቱን በትንሹ መሞከር ነው። ከተቻለ ከውጭ የመጣ ሰው ያሽትተው፤ የቤተኛ አፍንጫ ለምዶ አይፈርድም። ከሸተተ የፐርኦክሳይዱ ደረጃ ብቻ ይደገማል። በሦስተኛውም ካልለቀቀ ያልታጠበ ጠርዝ አለ ማለት ነው፤ መብራቱን እንደገና ማታ ማብራት።

ድመቷ እዚያው እንዳትመለስ መሸኛዋ መስተካከል አለበት። ሰፋ ያለ ሳፋ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር አሸዋ ወይም ሳጋቱራ፣ ከምግቧ የራቀ ጸጥ ያለ ጥግ፣ በየቀኑ ማውጣት፤ ለሁለት ድመት ሦስት ሳፋ። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን አትንካ፤ በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍ፣ ለጽንስ አደገኛ የሆነ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሕዋስ አለ። ቆሞ ግድግዳና የስጋጃ ጠርዝ ላይ የሚረጭ ወንድ ከሆነ ሳፋ ብቻውን አይመልሰውም፣ በእንስሳት ሐኪም ማኮላሸት ነው። እያማጠ ጠብታ ብቻ የሚሸና ወንድ ድመት ግን የጠባይ ሳይሆን የበሽታ ነው፤ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናልና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም። በታጠበው ቦታ ላይ ለሁለት ሳምንት የምግብ ሳህኗን አስቀምጥበታለሁ፤ ድመት በምትበላበት አትሸናም።