በበሩ ላይ ያለው የእርሳስ ምልክት
ዛሬ ጠዋት ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ የቆሙት አራት ልጆች ዲግሪያቸውን ኮፒ የሚያስደርጉት አየር መንገድ ለመመዝገብ ነው። አንዷ ዝናብ እንዳይነካው ፎልደሯን በፌስታል ጠቅልላዋለች። ለምዝገባው ቁመት ስለሚጠየቅ፣ ማታ ቁመቷን ቤታቸው በር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋ ስትለካ እንዳመሸች ነገረችኝ።

"ለምን አየር መንገድ?" አልኳት።

"ሌላ ቦታ ሁሉ ልምድ አምጪ ይሉኛል። እዚያ ግን ራሳቸው አሰልጥነው ይቀጥሩኛል።"

ይሄ ነገር ልቤን ነካው። እኛ ከውጭ የምናየው ዩኒፎርሙንና ጉዞውን ነው (ለሠራተኛና ለቤተሰብ ያለው የቅናሽ ትኬትም ቀላል ነገር አይደለም)፣ ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት ለተቀመጠ ልጅ ግን ትልቁ ነገር ከዜሮ ጀምሮ ሙያ የሚያስይዘው ማግኘቱ ነው። ደግሞ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ ድርጅት ነው፤ ወላጅ ስሙን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ከስልጠናው በኋላ ለዓመታት የማገልገል ግዴታ እንዳለ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። "ሥራ እኮ ነው የምፈልገው፣ ልፈርም!" አለች።

ኮፒዋን ተቀብላ፣ ፌስታሉን አጥብቃ አስራ ባጃጅ ያዘች። እስክትታጠፍ ድረስ አየኋት። ይቅናሽ እህቴ!