ለቤት ሳውና ድንጋይ የመረጥኩበትና የደረደርኩበት መንገድ

የሳውናው ክፍል፣ ማለትም በምድጃ ላይ በጋሉ ድንጋዮች ላይ ውሃ እየፈሰሰ በሙቀትና በእንፋሎት የሚታጠቡበት ክፍል፣ 6 ሜትር ኩብ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃው 6 ኪሎዋት ነው፤ ስሌቱ ለአንድ ሜትር ኩብ 1 ኪሎዋት ገደማ ነው። መስታወት ወይም ያልተሸፈነ ግንብ ካለ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በክፍሉ መጠን ላይ 1.2 ሜትር ኩብ እየደመሩ ማስላት ይገባል።

ድንጋዩ ፊንላንዶች የሚወዱት ኦሊቪን ዲያቤዝ ነው። ጥቁርና ከባድ ነው፤ ግሎ ውሃ ሲፈስበት ቶሎ አይሰነጠቅም። ለኤሌክትሪክ ምድጃ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው ይስማማል። ከወንዝ ዳር የተለቀመ ድንጋይ ግን አደገኛ ነው፤ ውስጡ የተደበቀው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መውጫ ያጣና ያፈነዳዋል። ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይም ሙቀት አይዝም።

ትልቁ ትምህርት ያለው አደራደሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ክፍተት ሁሉ እስኪጠፋ ጠቅጥቄ ሞላሁት፤ ክፍሉ ለመሞቅ በጣም ዘገየ። አየር በድንጋዮቹ መካከል ካላለፈ ሙቀቱ እዚያው ይታፈናል፣ በምድጃው ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚግሉት ዘንጎችም ከልክ በላይ ግለው ይቃጠላሉ። ሁሉን አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ፦ ድንጋዩን በብሩሽ አጥቤ አቧራውን አስለቀቅሁ፣ ትልልቁን ከታች፣ ትንንሹን ከላይ አደረግሁ። አንዱም በዘንጎቹ መካከል ተወጥሮ እንዳይገባ፣ ክብደቱም በእነሱ ላይ እንዳያርፍ ተጠነቀቅሁ፤ ዘንጎቹ ግን ከላይ እንዳይታዩ ሸፈንኳቸው፤ ውሃ በቀጥታ ሲያገኛቸው ዕድሜያቸው ያጥራል። የመጀመሪያው ማሞቅ ሰው ሳይገባ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ሽታው እስኪጠፋ ነው።

ባልዲውና ጭልፋው ከእንጨት ቢሆኑ ይሻላል፤ የብረት እጀታ እጅ ያቃጥላል። የእንጨት ባልዲ ግን ደርቆ ከከረመ ይሰነጠቅና ያፈሳል፣ ስለዚህ ከመጠቀም በፊት ውሃ ሞልቶ ማቆየት ነው። ቴርሞሜትሩን ከምድጃው በላይ አትስቀሉት፤ ትክክለኛው ቦታ በላይኛው መደብ ላይ የተቀመጠ ሰው ራስ አካባቢ ነው። መደቡ ሙጫ የሌለው እንጨት ይሁን፤ ሙጫ ያለው ሲሞቅ ያንጠባጥባል። የምስማር ራስ ደግሞ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ቆዳ ያቃጥላልና።

የሚፈሰው ውሃ ንጹሕ ይሁን። ጨው ብረቱን ይበላል፣ ኖራ የበዛበት ውሃም በድንጋዩ ላይ ነጭ ልባስ ይተዋል። የባሕር ዛፍ ዘይት የሚወድ ጥቂት ጠብታ በባልዲው ውሃ ውስጥ ይበጥብጥ፤ በቀጥታ በጋለ ድንጋይ ላይ ከፈሰሰ ይቀጣጠላል።

ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ድንጋዩን ሁሉ አወጣለሁ። የተሰነጠቀውንና በእጅ የሚፈረፈረውን ጥዬ፣ ታች የተጠራቀመውን ፍርፋሪ ጠርጌ፣ የጎደለውን በአዲስ እተካለሁ።